ተወልውላ የማትጠፋ ኮከብ

ሥዕሌ ተመረጠ!

ወሬውን ያገኘሁት መገናኛ፣ የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የጥቅምት ፀሐይ አናቴን ይጠብሰኛል፤ ከኋላዬ የቆሙት እናት ዘንቢል ውስጥ ያለው ጎመን በየጊዜው ክንዴን ይነካኛል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አውጥቼ አነበብኩ። የላክሁት የሕዋ ሥዕል ለወጣቶች ዐውደ ርእይ መመረጡንና በትልቁ ታትሞ አዳራሹ መግቢያ ላይ እንደሚሰቀል ይናገራል። መጨረሻው ላይ «እባክሽ ዋናውን ፋይል ላኪልን» ይላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሊነቀልላችሁ የማደንዘዣ መርፌ ተወግታችሁ ታውቃላችሁ? ከንፈራችሁን በጣታችሁ ስትነኩት ከንፈሩ አለ፣ ጣቱም አለ፤ ግን የሌላ ሰው ከንፈር የነካችሁ ይመስላችኋል። ልክ እንደዚያ።

«ልጄ፣ ሂጂ እንጂ! ሰልፉ እኮ ሄደ» አሉኝ ባለ ዘንቢሏ።

ደስታው የመጣው ላምበረት ከደረስን በኋላ ነው። የወቅቱ የመጨረሻ በቆሎ ጥብስ ሽታ በመስኮቱ ገባ፣ ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አነጠረን፣ እኔም ብቻዬን እየሳቅሁ ራሴን አገኘሁት። ባለ ዘንቢሏ አጠገቤ ነበር የተቀመጡት።

«ደኅና ነሽ፣ ልጄ?»

«እማማ፣ ሥዕሌ ተመረጠ!»

«እሰይ! ምን ሥለሽ ነው? ማርያምን?»

«አይደለም፣ ሰማይ ነው የሣልኩት።»

«ባዶውን?»

«ኮከብም አለበት።»

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉና ጎመናቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ባዶውንማ ማን ይመርጠዋል።»

ኮተቤ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። «ዋናውን ፋይል» የሚለው ቃል ግን እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ሄደ። ለሌላ ሰው ተራ የቢሮ ቃል ነው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ዋናውን አጥቼ አውቃለሁ፤ ያንን ነው የምነግራችሁ።

አባዬ የታክሲ ሾፌር ነበር። ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው መስታወት መወልወል ነው። ከመቀመጫው ሥር የአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ አይጠፋም። ሰልፍ ሲጠብቅ ይወለውላል፤ ትራፊክ ሲያስቆመው ይወለውላል፤ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ሲከፈት እንኳ ተነሥቶ መስታወቱን አንድ ጊዜ ጠረግ ያደርገዋል። «ሾፌር የሚነዳው በመሪ ይመስላችኋል፤ በመስታወት ነው» ይል ነበር። እናቴ ደግሞ «የቤታችንን መስኮትስ ማን ይንዳው?» ትለዋለች፤ የቤቱን መስኮት ነክቶት አያውቅማ።

እሑድ እሑድ፣ ተሳፋሪ ሲቀንስ፣ እኔን ብቻ ጭኖ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ወደ እንጦጦ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ ቀበና ጎራ ብለን ቦንቦሊኖ እንገዛለን። ወረቀቱ ዘይቱን ጠጥቶ ጭኔን ያሞቀዋል። ዳገቱን መኪናው እያጉረመረመች ትወጣለች፤ አባዬ «አይዞሽ የኔ እመቤት» ይላታል፤ እኔንም የሚለኝ እንደዚያው ስለሆነ የትኛችንን እንደሆነ የሚለየው በድምፁ ነው። ባሕር ዛፉ ሲጀምር መስኮት እንከፍታለን። ላይ ደርሰን መኪናዋን ዳር እናስይዝና፣ ቦንቦሊኖአችንን እየገመጥን ፀሐይ እስክትጠልቅ እንቀመጣለን። ከታች ከተማው መብራቱን አንድ በአንድ ይለኩሳል፤ ከላይ ሰማዩ የራሱን። ጨዋታችን «ማን ቀደመ?» ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከሰማይ ወገን ነኝ፤ እሱ ከከተማው። ዝናብ ያረገዘ ቀን ሁልጊዜ እሱ ያሸንፋል።

የሣልኩት ያንን ነው። በስልኬ፣ በጣቴ። ከታች የእንጦጦ ጫፍ ከነባሕር ዛፉ ጥቁር ብሎ፣ ከላይ በዓይን የማናየው፣ በትልልቅ የሕዋ መነጽር ብቻ የሚታየው ሐምራዊ የጋዝ ደመና፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰማያዊው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር የሚሄድበት ሰማይ። አስቸጋሪው ይህ «ቀስ እያለ» ነው። ሰማያዊ የት ላይ አልቆ ጥቁር የት እንደጀመረ ማንም ማወቅ የለበትም።

ጨርሼ ሳሳየው አባዬ ስልኩን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ አየው፣ አቀረበው፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ መፈግፈግ ጀመረ።

«ይህች ነጥብ አትለቅም እንዴ?»

«አባዬ፣ ቆሻሻ አይደለችም። ኮከብ ናት።»

«ይህች? እንዲህ ሚጢጢ?»

«ሩቅ ስለሆነች እኮ ነው። ምናልባት ከፀሐይ ትበልጣለች።»

አላመነኝም። ካናቴራውን አወጣና በደንብ ወለወላት። «የመስታወት ቆሻሻ ለኔ ነው የሚነገረው?» አለ። ነጥቧ ንቅንቅ አላለችም። ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ ከሁሉም ደብዛዛዋ፣ ሣር ውስጥ እንደወደቀች መርፌ። ከዚያ ሳቀ፤ ያ ከትከት የሚለው ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ ይህችን እኔ ወስጃታለሁ። አደራ ማሂ፣ ማንም እንዳያጠፋብኝ።»

ከዚያ ወዲህ ስሟ «ቆሻሻዋ» ሆነ። ጠዋት ጫማውን እያሠረ «ቆሻሻዬ ደኅና አደረች?» ይለኛል። «ደኅና አድራለች» እለዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ሥዕሉን የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ዘመድ ሁሉ ልብና ጭብጨባ አዘነበልኝ።

ሐምሌ ላይ አባዬ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ስለማልፈልግ አይደለም፣ ስለማላስታውስ ነው። የማስታውሰው ድንኳኑን ነው፤ ሸራው ላይ የዝናቡን ድምፅ፣ የእርጥብ ጋቢ ሽታ፣ በእጄ የያዝኩትን ንፍሮ። ስንዴውን ከባቄላው እየለየሁ አንድ በአንድ እበላ ነበር። ጣዕም አልነበረውም። ዘመድ ገብቶ ደረቱን ሲመታ አያለሁ፣ እናቴን ሲደግፏት አያለሁ፤ ሁሉም ከታክሲ መስኮት ውጭ እንደሚያልፍ መንገድ ነበር። እምባዬ አልመጣም። አላፈንኩትም፤ አልመጣም።

የአባዬ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘነበች፣ ከጓዳ ለሌሎቹ ሴቶች ሲነግሩ ሰማኋቸው። «ልጅቱ ጠብ አላላትም እኮ። እንደ ድንጋይ።» ክፉ ሰው አይደሉም። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የማን እምባ እንደፈሰሰና የማን እንዳልፈሰሰ ይታያል፤ ይታወሳልም። እኔም ድንጋይ መሆኔን ሰምቼ «እውነታቸውን ነው» አልኩና ንፍሮዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንደዚያው ናቸው። ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ መጣሁ። አልሣልኩም። ስልኬ ከየዘመዱ በሚመጣ የለቅሶ ቪዲዮና ፎቶ ሞልቶ «ቦታ የለም» እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ አንድ ቀን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የሥዕሎቼን ፋይሎች ሁሉ አጠፋኋቸው። ትልልቆች ነበሩ፤ ቦታ የያዙት እነሱ ነበሩ። ሰማዩን ሳጠፋ ጣቴ ትንሽ እንኳ አልዘገየም። «ግሩፕ ላይ አለ» አልኩ። ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። የሠርግ ፎቶ ግሩፕ ላይ አለ፤ የልደት ምስክር ወረቀት ግሩፕ ላይ አለ። አገሩ በሙሉ ዕቃውን ግሩፕ ላይ አስቀምጦ በሰላም ይተኛል።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እትዬ ዘነበች ቤት መጡ። ባነር ይሠራ አሉ። «ወንድሜ መልከ መልካም ነበር። ፎቶውን በትልቁ፣ ከኋላው ደግሞ ያንን ይቺ ልጅ የሣለችውን ሰማይ። እሱም ደስ ይለው ነበር።» እናቴ እኔን አየችኝ። «እሺ» አልኩ። ያኔ ለሁሉም ነገር መልሴ «እሺ» ነበር።

ሥዕሉን ከግሩፑ ላይ አወረድኩና ጓደኛዬን ቦንቱን ይዤ ሾላ ወደሚገኝ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ቦንቱ የክፍሌ ልጅ ናት፤ እሷም በስልኳ ትሥላለች። ቤቷ ኮተቤ ጫፍ ላይ ነው። አያቷ ስንዴ ያርሱበት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ ነው፤ «ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሬ ይጠመድ ነበር» እያለች ትቀልዳለች። ያን ዓመት ሙሉ «አይዞሽ» ያላለችኝ ብቸኛ ሰው እሷ ናት። ዝም ብላ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥና ቆሎዋን ትቆረጥማለች።

ማተሚያ ቤቱ በበርበሬ መደብሮች መካከል ነው፤ የቀለሙ ሽታና የበርበሬው ሽታ ተደባልቆ ያስነጥሳል። ባለቤቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። የሰማዩን ሥዕል ብቻ በሙከራ ወረቀት ላይ አተመና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን።

መጀመሪያ ያየሁት እርከኑን ነው። ያ ቀስ እያለ የሚጠቁረው ሰማይ ተቆራርጦ፣ ልክ ተዳፋት ላይ እንደተሠራ የእርሻ እርከን፣ ደረጃ ደረጃ ሆኗል። ሐምራዊው ደመና አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆኖ የተጣፈ ጨርቅ መስሏል። ከዚያ ዓይኔ ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ብሎ ሄደ።

ቆሻሻዋ የለችም።

ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አወጣሁት። የለችም። በጣቴ ነካሁት፤ ለምን እንደነካሁት አላውቅም። ደመቅ ያሉት ኮከቦች፣ እነሱም ዙሪያቸው ተጨማልቆ፣ አሉ። እሷ በነበረችበት ቦታ ለስላሳ ጥቁር ብቻ።

«ምን ጎደለው?» አለ ሰውየው። «ጥቁር ሰማይ ነው፤ ጥቁር ወጣ።»

«አንድ ኮከብ ጠፍቷል» አልኩት።

«አንድ?» መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ እያለ?»

ቦንቱ ፊቴን አየችና ወረቀቱን ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችው። «ጋሼ፣ እንመለሳለን።»

ልቤ እንደተሰበረ ብነግራችሁ ውሸት ይሆናል። የተሰማኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደራ የሚለው ቃል። ሕመም አልነበረም፣ ማወቅ ብቻ ነበር። ማንም እንዳያጠፋብኝ ብሎኝ፣ እኔው ዘንድ ጠፋች።

እነቦንቱ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ይዘንብ ነበር። እናቷ ትኩስ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ሰጡንና ለቦንቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው ገቡ፤ ቦንቱ «‘ብዪ በያት፣ ከስታለች’ እያለችሽ ነው» አለችኝ። ከዚያ የራሷን የሕዋ ሥዕል አወጣችና አንዱን ሥዕል በተለያየ ዓይነት ፋይል ታስቀምጠው ጀመር፤ በጄፔግ፣ በፒኤንጂ፣ እንደገና ራሱን ጄፔጉን በጄፔግ። ሁሉንም አጉልታ አንድ ጥግ ላይ አስተያየችኝ።

«አየሽ? ጄፔግ ወሬ አመላላሽ ነው» አለች። «ዋናውን ነገር ይነግርሻል፤ ትንንሹን ግን ‘ተወው፣ ማን ይጠይቀኛል’ ብሎ ይዘለዋል። የሱን ወሬ ሌላ ሲያወራው ደግሞ ያም የራሱን ይዘላል። ግሩፕ ላይ እንደ ፎቶ ስትለቂው አንዴ ተዘለለ። የአጎትሽ ልጅ ‘ነፍስ ይማር’ ጽፎበት እንደገና ሲለቀው እንደገና ተዘለለ። አንቺ ያወረድሽው ይሄኛውን አይደል?»

ይሄኛውን ነበር። ጽሑፉን ቆርጬ አወጣሁ እንጂ።

«ለሰው ፊት፣ ለሠርግ ምናምን ምንም አይልም፤ የሚዜው ጉንጭ ላይ አንድ ነጥብ ቢቀር ማን ያውቃል። ሰማይ ግን ያው ጥቁር ነው፤ ጥቁር ላይ ያለች ደብዛዛ ነጥብ ለጄፔግ ቆሻሻ ናት። ይጠርጋታል።»

ቆሻሻ ናት፣ ይጠርጋታል። ቦንቱ የአባዬን ቀልድ አታውቅም ነበር። ነገርኳት። ድንቿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆየች።

«ፒኤንጂስ?» አልኩ።

«እሱ ትልቅ ነው፣ ቦታ ይበላል። ግን ምንም አይዘልም።»

«ዳዊት እንደሚደግም ሰው» አልኩ። ጎረቤታችን አለቃ በየማለዳው የሚደግሙት ትዝ ብሎኝ ነው፤ አንዲት ፊደል አያጎድሉም።

«በሚንቀሳቀሰው በጊፍ እናድርገው እንዴ? ኮከቦቹ ይጠቃቀሱልሻል» አለችና አየችኝ፣ እስቅ እንደሆነ። አልሳቅሁም። ግን ያኔ ጥሩ ቀልድ መሆኑን አውቄ ነበር፤ ያም ለኔ ብዙ ነው።

ፒኤንጂ መሆን የነበረበት ፋይል ግን የለኝም። ጄፔግ የዘለለውን መልሶ አያመጣም፤ በፒኤንጂ ብታስቀምጡት የጎደለውን ራሱን በታማኝነት ይጠብቅላችኋል እንጂ። ቦንቱ «እንደገና ሣያት፤ አንዲት ነጥብ እኮ ናት» አለች። ሞከርኩ። ጣቴን ስልኩ ላይ አሳረፍኩ፣ ነጥቧ ወጣች፣ አየኋት። እዚያ ነበረች? ትንሽ ወደ ግራ? ደግሞ ይህችን አባዬ አልወለወላትም። አጠፋኋት።

ማታ እራት ላይ ሽሮው እየቀዘቀዘ ለእናቴ ነገርኳት። ከአባዬ ሞት ወዲህ ሳልጠየቅ የተናገርኩት የመጀመሪያው ረጅም ንግግር ሳይሆን አይቀርም። እናቴ እንጀራዋን እንደያዘች ሰማችኝ።

«አባትሽ ስልክ ላይ አድርገሽለት አልነበር?» አለች።

አዎ። እንዴት ጠፋኝ? የኢንተርኔት ካርድ ሞልቶ የማያውቅ፣ «ካርድ የምሞላው ለመደወል ነው» ይል የነበረ ሰው። ግሩፕ ውስጥ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አድርጌ ፋይሉን እንዳለ አሳልፌለት ነበር። እንዳለ። የማንም አፍ ሳይነካው።

ስልኩ ግን ከዚያ ሐምሌ ወዲህ አልተከፈተም። እናቴ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም፤ የእትዬ ዘነበች ልጅ «ለምን አንሸጠውም?» ካለበት ቀን ጀምሮ እናቴ ሰላም አትለውም ነበር።

«ከፈለግሽ ተዪው፣ እማዬ።»

«ዝም በይ እስቲ» አለችና ተነሣች።

ቻርጀር ላይ ሰካነውና ሁለታችንም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ስክሪኑ በራ። ሰማዩ መጣ። ሥዕሌን የስልኩ ፊት አድርጎት ነበር። ሰማያዊው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ አንድም እርከን የለም።

ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ብሎ አየሁ። ሁለት ነጥብ አለ።

እኔ የሣልኩት አንድ ነው። አንዷን በአውራ ጣቴ ፈገፈግኋት፤ ለቀቀች። እውነተኛ ቆሻሻ፣ የአባዬ ስልክ ላይ ዓመት የኖረ አቧራ። ሌላዋን ፈገፈግኋት። እንደገና ፈገፈግኋት።

«አለች» አልኩ።

«ማን?» አለች እናቴ።

«ቆሻሻዋ።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ እሷም በጣቷ ወለወለችው፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ፣ ከዚያ ነጠላውን ወደ ፊቷ ወሰደችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አጠገቧ ተቀምጬ አውራ ጣቴን እያየሁ ነበር። ጫፉ ላይ ትንሽ አቧራ አለ። ልጠርገው አልፈለግሁም።

ሾላ የተመለስነው በፍላሽ ነው። ግሩፕ የለ፣ እንደ ፎቶ መላክ የለ። ሰማዩን በፒኤንጂ፤ የአባዬንም ፎቶ ቦንቱ ዙሪያውን ቆርጣ ጀርባው ባዶ እንዲሆን በፒኤንጂ አድርጋልኛለች፤ በጄፔግ ቢሆን አናቱ ዙሪያ እንደ ጉርድ ፎቶ ነጭ ሣጥን ይወጣበት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን ለማተሚያው በቲፍ አስቀመጥነው። ቲፍ እንደ ጭነት መኪና ነው፤ ማንም በሱ ሽርሽር አይሄድም፣ ግን የጫናችሁትን ሁሉ ያደርሳል።

«ይሄ ነገር ከብዷል» አለ ሰውየው። «ሰው ሁሉ ጄፔግ ነው የሚያመጣልኝ። በጄፔግ ልቀይረውና ቶሎ ይውጣላችሁ።»

«አይሆንም» አልኩ።

ቦንቱ ዞራ አየችኝ። ያን ዓመት ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው «አይሆንም» ነበር። ሰውየውም አየኝ፤ ከዚያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰና «እንግዲያው ተቀመጡ፣ ይቆያል» አለ። ቆየ። ከጎረቤት ሻይ አዘዘልን። ማሽኑ ወዲያና ወዲህ እያለ ሰማዩን ከላይ ወደ ታች ሲያወርደው፣ ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ እኔና ቦንቱ ተነሥተን ቆምን። ወጣች።

በሙት ዓመቱ ቀን ባነሩ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ዝናብ ነበር፤ ቀይ ወጡ ይሸታል፤ ሰው ገብቶ እየተቀመጠ ነው። እትዬ ዘነበች መጡ፣ ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ወደ ባነሩ ተጠጉ።

«እናንተ! ምን አስነክታችሁበት ነው? ለወንድሜ ነው እንዲህ ያለ ነገር የምትሰቅሉት?» የነጠላቸውን ጫፍ ምራቃቸውን አስነኩና፣ ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ መፈግፈግ ጀመሩ። አልለቀቀም። አጠበቁት። «እምቢ አለኝ! ውሃ አምጡልኝ!»

ፊታቸውን አየሁት። ያው የአባዬ ግንባር፣ ያው «የመስታወት ቆሻሻ ለኔ ነው የሚነገረው» የሚለው አኳኋን። ከሆዴ ሥር አንድ ነገር ተነሣ። ላቆመው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ሳቅሁ። ድንኳን መካከል፣ ጥቁር በለበሰ ሰው ሁሉ ፊት፣ ከትከት ብዬ ሳቅሁ። ድምፁ የኔ አይመስልም ነበር። ሰው ዞሮ አየኝ። እናቴ «ማሂ!» አለችኝ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ገባትና እሷም በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ይቺ ልጅ ለቅሶው ላይ አላለቀሰች፤ ሙት ዓመቱ ላይ ትስቃለች» አሉ እትዬ ዘነበች፣ የነጠላቸውን ጫፍ እንደያዙ።

«እትዬ፣ ኮከብ ናት» አልኳቸው፣ ትንፋሼ ሲመለስ። «የአባዬ ናት። አትለቅም።»

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ይህች ሚጢጢ?» አሉ።

ድንዛዜው ያን ቀን ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። የጥርስ መርፌም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ መጀመሪያ የከንፈር ጠርዝ ውርር ይላል፣ ከዚያ እያደር። አንዳንድ ቀን ዛሬም ይመለሳል፤ ሰልፍ ላይ ቆሜ ደስ የሚል ወሬ እያነበብኩ እንኳ። ግን መሣል ጀመርኩ። መጻፍም ጀመርኩ፤ ይኸው ይህንን ያለማንም እገዛ እዚህ ድረስ ጻፍኩት፣ አያስገርምም?

ለዐውደ ርእዩ ሰዎች ዋናውን በፍላሽ ወስጄ ሰጠኋቸው። የተቀበለችኝ ልጅ «በግሩፓችን ብትልኪው ይቀልሽ ነበር» አለችኝ። ሳቅሁ። የአባዬ ፎቶ አሁን እላዩ ላይ የለም፤ ሰማዩ ብቻ ነው፣ እንጦጦ፣ እሷም።

ስለዚህ ኑ። ሩቅ አይደለም፤ ከመገናኛ በኮተቤ ታክሲ ነው፤ አዳራሹ መግቢያ ላይ ቀና ስትሉ ታገኙታላችሁ። በስልካችሁ አታንሡት፤ ስልካችሁ ይጠርጋታል። ቀረብ በሉ፣ አፍንጫችሁ ሊነካ እስኪደርስ፣ ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ብሎ። ጥበቃውን ነግሬዋለሁ፣ አይቆጣችሁም። ካላመናችሁኝ መሐረባችሁን አውጡና ወልውሏት።